ጥር ላይ የወጣው በር

ሽንኩርት እየከተፈች ነው የነገረችኝ። ቀና እንኳን አላለችም። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ጥር ዝግ ነው ያልሽኝ?» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ግንቦት 2017 ነበር። የአክስቴ ልጅ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነበር። ጥር ላይ አንድ ባንክ ጀማሪ ሠራተኞች እንደሚቀጥር ሲያስታውቅ ማስታወቂያውን በቴሌግራም የላኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለችም። እኔም ፈተናው ከብዷት ይሆናል፣ እንዳላሳፍራት ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን ግን አብራት የተማረች ልጅ እዚያው ባንክ ገብታ ሥራ መጀመሯን ሰማሁ። «የአንቺስ ውጤት ምን ሆነ?» አልኳት። ለካ አልተመዘገበችም። ለምን ስላት ነው ያንን የመለሰችልኝ።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ድምጿ ውስጥ ወቀሳ የሚባል ነገር አልነበረም። ዝናብ ይጥላል ተብሎ ጃንጥላ እንደያዘ ሰው፣ የተነገራትን ሰምታ የሚገባውን እንዳደረገች ነው ያወራችው። እኔ ደግሞ በድንጋጤ የማይሆን ነገር ተናገርኩ። «እንዴ! እሱ እኮ ጨዋታ ነው። ሥዕል እኮ ነው» አልኳት። ይሄኔ ቀና አለች። ዓይኗ ከሽንኩርቱ የተነሳ ቀልቷል። «ስትናገሪው ጨዋታ አይመስልም ነበር» አለችኝ።

ይሄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከነክነኛል።

የብስኩት ቆርቆሮው

ድሮ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሰብስቤ አላውቅም። ልጆች ያመጣሉ፣ ብር እሰጣለሁ፣ ሥዕሉ መስቀል እስኪያልፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ከዚያ የት እንደሚገባ እንጃ። መስከረም 2013 ላይ ግን ኮሮና ስለነበር በር የሚያንኳኳ ልጅ ጠፋ። ብሩን ዘርዝሬ ጠዋቱን ሙሉ ቁጭ አልኩ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ልጅ ብቻ ማስክ አድርጎ መጣ። የሳለው መልአክ ነው። መልአኩም ማስክ አድርጓል። ያን ሥዕል መጣል አልቻልኩም። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ቆርቆሮው እየሞላ ሄደ። ለገሃር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በገዛሁት መጽሐፍ ውስጥ የፎቶ ቤት ፎቶ አገኘሁ። ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ወጣቶች ተቃቅፈው ቆመዋል፣ ከኋላቸው መጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅ አለ። ታክሲ ውስጥ ወንበር ሥር የወደቀ የሠርግ ካርድም አለ። የክብሪት ቀፎ አለ። ከአንድ ቡና ቤት ግድግዳ የወረደ፣ የጎንደር ግንብ ያለበት የካላንደር ገጽ አለ። ከሁሉም የምወደው ቆሎ ተጠቅልሎበት የመጣ የባዮሎጂ ደብተር ቅጠል ነው። አንድ ተማሪ የሰውን ልብ ስሎ በቀይና በሰማያዊ ከለር ቀብቶታል፣ ደም ሥሮቹን በቀስት አመልክቷል፣ መምህሩ ከጎኑ 7/10 ጽፎበታል። ደንቤ አንድ ብቻ ነው። ተፈልጎ የመጣ ወይም የተገዛ ሥዕል እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም። ራሱ መንገድ ላይ መገኘት፣ ወይም በር ድረስ መምጣት አለበት።

በነዚህ ሥዕሎች ዓመቱን ማንበብ የጀመርነው 2014 ጳጉሜን ላይ ነው። ሐሳቡ የጓደኛዬ ነበር። «አሥራ ሦስት ወር አለን፣ አሥራ ሦስት ሥዕል እናውጣ» አለች። ባለተራዋ ዓይኗን ጨፍና ከቆርቆሮው አንድ በአንድ ታወጣለች። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ምንጣፉ ላይ በተራ እንደረድራለን። አንዳችን እናነባለን፣ በስልክ ፎቶ እናነሳለን፣ ሥዕሎቹ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳሉ፣ የሚቀጥለው ሰው ተራ ይሆናል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ የሁላችንም ዓመት ያልቃል።

ይህችው ጓደኛዬ ታሮት የሚባለውን ካርድ ኢንተርኔት ላይ አይታው «ዋናውን ለምን አንገዛም?» ብላኝ ስለነበር ስለሱ ትንሽ አነበብኩ። ሲጀመር የመጫወቻ ካርድ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሰዎች ልክ እኛ ኮንከር እንደምንጫወተው ይጫወቱበት ነበር። ዕጣ ፈንታ ማንበቢያ ሆኖ የተስፋፋው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ባለ 78ቱ ካርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ የወጣ ሲሆን ሥዕሎቹን የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ከሷ በፊት አብዛኛው ካርድ ላይ የነበረው እንደኛ ካርታ የተደረደረ ምልክት ነው። አምስት ጽዋ፣ ሰባት ሰይፍ፣ በቃ። እሷ አብዛኛው ላይ ሰው አስገባችበት። አንገቱን ደፍቶ የቆመ፣ ሰይፍ ተሸክሞ ሹልክ የሚል። ይሄን ሳነብ የኛ ቆርቆሮ ለምን እንደሚሠራ ገባኝ። ሰው፣ ቤት፣ መንገድ ያለበት ሥዕል ካየን ዝም ማለት አንችልም። «ይሄ ሰውዬ ወዴት እየሄደ ነው?» እንላለን። እዚያው ላይ ታሪክ ይጀመራል።

ስለ ታሪኩ ሲባል

ወደ 2016 ጳጉሜን ልመለስ። ማታ ነው፣ ውጪ ይዘንባል፣ መብራት ሄዷል። ሁለት ሻማ አብርተን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። የአክስቴ ልጅ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ከሌሎቹ ይልቅ እኔ ሳነብ ደስ ይላል ስለሚሉ አብዛኛውን ጊዜ የማነበው እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና ይሄን ስባል ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው የቆሙት ወጣቶች ወጡ። «አዲስ ሰው ትተዋወቂያለሽ» አልኳት። ኅዳር ላይ ባለ 7/10ሩ ልብ ወጣ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም ፊቷን ሸፈነች። ጥር ላይ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ወጣ። መስከረም 1 ቀን 2016 የሰፈራችን ልጅ ያመጣልኝ ነው። ቤት ነው። ጣሪያው ቀይ፣ ግድግዳው ቢጫ፣ በሩ ቡናማ። ግራና ቀኝ አደይ አበባ፣ ከላይ ፀሐይ። በሩ ዝግ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ የጎንደሩ ግንብ ወጣ፤ በሮቹ ቅስት ቅስት ሆነው ወለል ያሉ።

እኔም እንዲህ አልኩ። «ጥር ዝግ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አትልፊ። የካቲት ግን ወለል ብሎ ይከፈትልሻል።»

ይሄን ለምን አልኩ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ክፉ ልነግራት ፈልጌ አይደለም። እንደ እህቴ ነው የማያት። አሥራ ሦስት ሥዕል ጎን ለጎን ሲደረደር ግን ታሪክ ሁን ሁን ይላል። ታሪክ ደግሞ ሁሉም ነገር ከተሳካበት ታሪክ አይሆንም። አንድ ቦታ ላይ እንቅፋት ያስፈልገዋል። የካቲት ላይ የሚያምር ክፍት በር ስለመጣልኝ ከፊቱ የሚዘጋ ነገር ፈለግኩ። ያ ዝግ በር ከጎኑ ሌላ ሥዕል ቢኖር ኖሮ «የራስሽ ቤት ይኖርሻል» ብዬ አልፈው ነበር። ስለ ታሪኩ ሲባል ጥርን ዘጋሁባት። ሰዎቹ «ኡ!» አሉ፣ እኔም ተራኪ እንደሆንኩ ተሰማኝ፣ ወደ መጋቢት አለፍኩ።

አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ማደግ ይሄም አለበት። ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምና ወርቅ ፈልጉ ስንባል ነው ያደግነው። የሚታየው አይበቃንም፤ ከሥሩ ሌላ አለ ብለን እንቆፍራለን። ያ ልጅ የሰጠኝ ግን ቤት ነው። ወርቁን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ለዚያውም ሳልመዝን።

እሷ ደግሞ ሰማችኝ። ከገጠር ከተማ መጥታ እኔ ቤት የምትኖር፣ እኔ ሥራ ያለኝ፣ እኔ የከተማውን ነገር የማውቅ፣ እኔ በዕድሜ አሥር ዓመት የምበልጣት። ይሄ ሁሉ ከቃሌ ኋላ ቆሞ እንደነበር ያኔ አልታየኝም። ለጓደኛዬ «ጥርሽ ዝግ ነው» ብላት «ባክሽ ተይኝ» ብላኝ ቡናዋን ትጠጣለች። የአክስቴ ልጅ ግን ማስታወቂያው ሲመጣ ስልኳ ውስጥ ያለውን የሥዕሎቹን ፎቶ ከፍታ አየች። ይሄን በኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ። ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያ ለፎርምና ለፎቶ ኮፒ የሚወጣውን ብር ለምን አባክናለሁ ብላ ተወችው። የካቲትን ጠበቀች። የካቲት ላይ ምንም አልመጣም።

ሕልም እንደ ፈቺው

እ.ኤ.አ. በ1948 ሮበርት መርተን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ስለ እንደዚህ ዓይነት ነገር ጽፏል። ምሳሌ ያደረገው ባንክ ነው። ምንም ያልሆነ ደህና ባንክ ሊከስር ነው የሚል ወሬ ይነዛበታል። ገንዘብ ያስቀመጠው ሁሉ ሊያወጣ ይሰለፋል። ባንኩም ይከስራል። ወሬው ሲጀመር ውሸት ነበር፣ ሰው ስላመነበት እውነት ሆነ። ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትል ነበር። ልጅ ሆኜ ይሄ ተረት ዕድለ ቢስ ስለሆኑ ሰዎች ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለ እግር ነው የሚመስለኝ፤ የፈራነው ነገር ዘንድ በገዛ እግራችን ስለመድረስ።

በዚያው ዓመት በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ተማሪዎቹን የባሕርይ ፈተና ፈትኖ ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ይሄ ነው» ብሎ ሰጣቸው። ተማሪዎቹ 39 ናቸው። ምን ያህል እናንተን ይገልጻል ሲላቸው ከአምስት በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለካ ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ሲኒ የሚያዩ ሴቶች ለምን «መንገድ አለሽ» እንደሚሉ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። መንገድ የሌለው ሰው የት ይገኛል? ዝግ በርም እንደዚያው ነው። ለማን ብነግረው፣ በየትኛው ወር ብነግረው፣ የሚገጥምለት ነገር አያጣም።

ይሄ ሁሉ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚመልስልኝ። ሥዕሉ የወደፊቱን እንደማያውቅማ ድሮም አውቃለሁ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኛ ቤት «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ? አያቴ ክፉ ሕልም ካየች ጠዋት ለማንም አትናገርም ነበር። ሰው መርጣ ነው የምትናገረው። የሚሰማትም ሰው ገና ሳትጀምር «መልካም ይሁንልሽ» ይላታል፣ ስትጨርስም «ለበጎ ያድርገው» ይላታል። መሐሉ ላይ ያለው ፍቺ በሁለት ምርቃት ታጥሮ ነው የሚነገረው። ሙስሊም ጎረቤታችንም ሕልሟን ለሚወዳት ሰው ካልሆነ አትናገርም። እናቴ የወሎ ሰው ናት። ልጅ ሆና በግ ሲታረድ ሞራውን ወደ ብርሃን ዘርግተው የሚያነቡ ሽማግሌ እንደነበሩ ትነግረኛለች። ጥሩ ካዩ ይናገራሉ። ክፉ ካዩ ሞራውን ያጥፉትና «ዱአ ይደረግ» ብቻ ይላሉ። ምን እንዳዩ አይናገሩም። ሰዉ ዱአ አድርጎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተመራርቆ ይበተናል።

እኔ ከዚህ ሁሉ ሥዕሉንና አፌን ብቻ ነው የወሰድኩት። አጥሩን ትቼዋለሁ። እነዚያ ሰዎች ቃል ሰው ላይ እንደሚቀር አውቀው ነው የሚጠነቀቁት፤ እኔ ደግሞ «ጨዋታ ነው» እያልኩ እነሱ ከሚሉት በላይ እናገራለሁ። ጨዋታ ነው ማለቴ ነፃ ያወጣኝ መስሎኝ ነበር።

የአያቴ ባል ስለነበሩት፣ ባሕረ ሐሳብ ስለሚያውቁት አባባ ላንሳ። ጳጉሜን ሲገባ ጣታቸውን እየቆጠሩ የዓመቱን ወንጌላዊ ያወጡ ነበር። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ትደምራለህ፣ ለአራት ታካፍላለህ፣ የሚተርፈውን ታያለህ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2018ን ብትሠሩት 7518 ይመጣል፣ ሁለት ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ። ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል በተመሳሳይ ቁጥር ያወጡታል። አንድ ጊዜ «አባባ፣ እኔስ ዘንድሮ አንደኛ እወጣለሁ?» አልኳቸው። «እኔ ቀኑን ነው የምቆጥር፣ በቀኑ የሚሆነውን እሱ ያውቃል» አሉኝ። ከዚያ ግን እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ያን ዓመት አራተኛ ወጣሁ። የተናደድኩ አይመስለኝም።

ጳጉሜን 3

እናቴ ለበዓል ከደሴ መጣች። የቆርቆሮውን ነገር ታውቃለች፣ አትወደውም። ሲጀመርም «ይሄ ጥንቆላ ነው፣ ኦሪት ላይ ተከልክሏል» ብላኛለች። ዘዳግም ምዕራፍ 18ን ነው የምትጠቅሰው። እውነቷን ነው፣ ተጽፏል። ስለዚህ እሷ ባለችበት ቆርቆሮውን አውጥቼ አላውቅም።

የጳጉሜን 3 ዝናብ ሲጀምር እኔንም የአክስቴንም ልጅ ግቢ አስወጣችን። ቀኑ ርኅወተ ሰማይ ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ዝናቡ ጸበል የሚሆንበት። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳ ላይ ቆማ «በደንብ ይንካችሁ፣ አትሽሹ» ትለናለች። ሳፋና ባልዲ ደርድረን ውሃ ያዝን። ከራስ እስከ እግራችን ርሰን ገባን። ልብስ ቀይረን፣ ሻይ ይዘን ከተቀመጥን በኋላ እናቴ «እስኪ ያን ሥዕል አምጪው» አለችኝ።

የአክስቴ ልጅ ነግራታለች ማለት ነው። ደነገጥኩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቆርቆሮውን ከፍቼ ቤቱን አወጣሁና ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። ወደ መስኮቱ ዞራ ሥዕሉን ወደ ብርሃን ያዘችው። ብዙ ቆየች። እንዲያ ቆማ ሳያት ሞራ የሚያነቡት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። የትም አላየኋቸው፣ ግን እንደዚህ ነበር የሚቆሙት ብዬ አሰብኩ።

«ጭስ አለው» አለች።

«የት?»

«ይሄው። በጣሪያው ላይ።»

ተነስቼ ሄድኩ። እውነትም ከቀዩ ጣሪያ ላይ በእርሳስ ብቻ የተሠራች፣ ከለር ያልተቀባች፣ እንደ ፀጉር የተጠቀለለች መስመር ወደ ፀሐዩ ትወጣለች። ይሄ ሥዕል ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ቤት ነበር። ለሰው አንብቤዋለሁ። ጭሱን አይቼው አላውቅም።

«ሰው ቤት ነው» አለች እናቴ። «እሳት ነዷል። ቡና ይሁን ወጥ እንጃ። ደግሞ ጓጉንቸር የለውም። ከውጭ የተዘጋ ቤት ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል። ይሄ ከውስጥ ነው የተዘጋው።» ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞረች። «ከውስጥ የተዘጋ በር ይንኳኳል፣ ልጄ። ዝም ብለው ያልፉታል እንዴ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የአክስቴ ልጅ ሥዕሉን ከእናቴ እጅ ተቀበለችና ጭሷን በጣቷ ነካቻት። እንባዋ መጣ። የኔም መጣ። ያኔ ነው ይቅርታ የጠየቅኳት፣ በደንብ። ግንቦት ላይ ያልኩት ይቅርታ አልነበረም፣ ራሴን መከላከል ነበር። «ጥርን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። ሥዕሉ አይደለም» አልኳት። «እኔም አላንኳኳሁም» አለች። ይሄን እንድትል አልፈለግኩም። ጥፋቱን እንድትካፈለኝ አልፈለግኩም። ግን ተናገረችው፣ እኔም ዝም ብዬ ሰማኋት።

እናቴ ሻይዋን እያማሰለች ነው። «አንቺም አነበብሽ እኮ» አልኳት። «እኔ ሥዕል ነው ያየሁት» አለች። «ያለውን ነው ያየሁት። አንቺ የሌለውን ነው ያየሽ።»

ይሄ ንግግሯ እስካሁን አልለቀቀኝም። የኔ ትልቁ ጥፋት ቶሎ መፍታቴ ነው ለካ። ዓይኔ በሩ ላይ አረፈ፣ አፌ ቀደመ፣ የቀረው ሥዕል ከዚያ በኋላ አልነበረም። እናቴ ግን መጀመሪያ ቆጠረች። ጣሪያ፣ ጭስ፣ በር፣ ጓጉንቸር አለመኖሩ። ትርጉሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሲመጣም ለማን እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷ የተቀመጠችውን ልጅ እያየች ነው የተናገረችው። እኔ ያን ማታ የተናገርኩት ሻማው ዙሪያ ለተቀመጡት ሁሉ ነበር።

ጳጉሜን 5 ማታ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጓደኞቼ እንደ ልማዳቸው መጡ። ቆርቆሮውን አወጣሁት፤ ልተወው አስቤ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ናት «አውጪው» ያለችኝ። ዘንድሮ ግን እኔ አላነበብኩም። ባለ ዓመቷ ራሷ መጀመሪያ የምታየውን ትናገራለች፤ ቀለሙን፣ ስንት ሰው እንዳለበት፣ ማን ወዴት እንደዞረ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሦስተኛው ቡና አልቆ ገና ታኅሣሥ ላይ ነበርን። አንዷ ጓደኛዬ የክብሪት ቀፎውን እያየች በድንገት ስለ አባቷ መናገር ጀመረች፣ ሥዕሎቹን ረሳናቸው። ስንለያይ በሩ ላይ ቆመን ተመራረቅን። እንደዚህ አድርገን አናውቅም ነበር፣ ትንሽ አፈርን፣ ግን አደረግነው።

ቤቱን የሳለው ልጅ

መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር። ልጆቹ ገና በጠዋቱ መምጣት ጀመሩ። አሁን አሁን ብዙዎቹ የታተመ ሥዕል ነው ይዘው የሚመጡት፣ አንድ ዓይነቱን መልአክ ከአምስት ልጅ ተቀብያለሁ። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ እሱ መጣ። ቁመቱ ጨምሯል። የሱን ሥዕል አላጣውም፣ ፀሐዩ ሁልጊዜ ቅንድብ አለው። ዘንድሮ የሳለው ዛፍና በግ ነው።

«ቆይ አንዴ» ብዬ ገባሁና ቤቱን ከቆርቆሮው አውጥቼ አሳየሁት። ወዲያው አወቀው። «እስካሁን አለ?» አለ። ደስ አለው። ያኔ ገና ሦስተኛ ክፍል እንደነበር ነገረኝ።

«በሩን ለምን ዘጋኸው?» አልኩት።

ገርሞት አየኝ። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም መሰለኝ። ሥዕሉን ተቀብሎ ትንሽ አየውና መለሰልኝ። «የተከፈተ በር መሳል ይከብዳል» አለ። «ወደ ውጪ የሚወጣው እንጨት ይጣመማል። ሞክሬ ነበር፣ በላጲስ አጠፋሁት።» ከዚያ ጣቱን በሩ ጎን ላይ አደረገ። ወረቀቱን አዘንብዬ ሳየው እውነትም ሻካራ ቦታ አለ። ከቡናማው ከለር ሥር፣ ወደ ውጪ የተዘረጋ የበር መስመር በላጲስ ጠፍቶ ደብዝዞ ይታያል።

ልጁ ሲሄድ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። ከእናቴ ጋር ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል፣ ከበስተኋላ የሰው ድምፅና የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ልጁ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኳት። ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። ከዚያ ደግሞ «ስንት ሰጠሽው?»